ሦስተኛው ጠርሙስ

ሰኔ 9 ቀን 1988፣ ጋምቤላ

አሥራ አንድ ቀን የጠበቅኩት አውሮፕላን ዛሬ ጭቃው ላይ አረፈና ደብዳቤዬን አመጣልኝ። ከላይፕዚግ ነው። ፕሮፌሰሬ አልረሱኝም። በዚህ ከተማ ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ አጣሁ። ስለ ብረት የሚያውቁት ዝገቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ለደብተሬ እነግረዋለሁ።

ስድስት ዓመት የደከምኩበትን ነገር አሁን ዓለም ፈልጎታል። ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ናቸው፤ አንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህ ቦታ ቢከፈል ከዚያ አንዱን ወይም ሁለቱን ያህላሉ። ዴክስትራን የሚባል ስኳር መሰል ልባስ ለብሰው ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። በደም ሥር ሲሰጡ ጤነኛ ጉበት ለቃቅሞ ይውጣቸዋል። ኤም አር አይ የሚሉት መሣሪያ በትልቅ ማግኔት የሰውን ውስጥ ሲያነሳ ያ ጉበት ጠቁሮ ይወጣል። ዕጢ ግን ብረቱን አይውጥምና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሐኪሙ ነጩን ያያል። ይኸው ነው። መሣሪያው ባገራችን አንድም የለም፤ ይህም የኔ ጥፋት አይደለም።

ፕሮፌሰሩ የሚጠይቁት ይህንን ነው፦ ፈሳሹ በሞቃት አገር ሳይረጋና ሳይጓጉል ይቆያል ወይ? ውድ ዕቃ በሌለበት ቤተ ሙከራስ ሊሠራ ይችላል ወይ? ሦስት ጠርሙስ ሠርቼ በነሐሴ ብልክላቸው፣ ከተሳካም የአንድ ዓመት የምርምር ቦታ አለ። ሙቀት ከሆነ ከጋምቤላ የተሻለ ማን አለው!

ሰኔ 14

የጤና ረዳቶች ማሰልጠኛችን “ቤተ ሙከራ” ያለው ዕቃ፦ ብረት ክሎራይድ ግማሽ ጠርሙስ፣ ብረት ሰልፌት፣ አሞኒያ፣ በእጅ የሚሽከረከር የሽንት ማዝቀጫ ሴንትሪፊዩጅ። መብራት በቀን ስለሌለ በእጅ መሆኑ በጀ። ዴክስትራኑን ጊዜው ካለፈ የግሉኮስ መሳይ ከረጢት ከመድኃኒት ቤት ለመንኩ።

ረዳቴ ኦኬሎ ነው። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው ይላል። ዕድሜውን ሙሉ በሚሲዮን ክሊኒክ ቁስል ሲያጥብ ኖሮ፣ ክልል ስንሆን “የላቦራቶሪ ረዳት” ተብሎ ተመደበልኝ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። “መምህር፣ አንተ ዛሬ ደክመሃል” ይለኛል። ሁለት ዓመት አርሜው ተውኩት።

ሰኔ 21

የመጀመሪያው ሙከራ ጭቃ ሆነ። አሞኒያውን ጨመርኩ፣ ጠቆረ፣ ደስ አለኝ፤ ከሰዓት በኋላ ብልቃጡ ሥር እንደ ባሮ ዳር ደለል ተጋድሞ አገኘሁት። ጥሩው ፈሳሽ የጠቆረ ሻይ መስሎ፣ ሳይዘቅጥ መቆም ነበረበት።

ኦኬሎ ብልቃጡን አዘንብሎ አየና “መምህር፣ አንተ ትቸኩላለህ” አለኝ። ስድስት ዓመት ጀርመን የተማርኩት ይህንን ከቁስል አጣቢ ልሰማ ነው።

ሐምሌ 3

ስሜ ወጣልኝ። “እመት ዝገት።” ተማሪዎቹ በመስኮት ሥር ሲሉ ሰማሁ። ጸሐፊያችን ልድያ፣ የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፣ አፏን በወረቀት ሸፍና ሳቀች። ያወጣላቸው ዲሬክተሩ አቶ ረታ መሆኑን አውቃለሁ። “ዝገት እየቀቀለች ጀርመን ልትገባ ነው” ብሎ ለቢሮ እንግዶች ሲያወራ ነበር። ረታ በሕይወቱ የሠራው ነገር ቢኖር ስብሰባ ነው። አሁን ደግሞ ቤተ ሙከራዬን ለክልሉ ስብሰባ ወንበር ማስቀመጫ ይፈልገዋል። ወንበሩ እንኳ ከሱ ይልቅ ለሰው ይጠቅማል።

ሐምሌ 11

ኦኬሎ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠየቀ። ለምን? “ለሆዴ።” በክረምት በዚህ ከተማ ሆዱን የማያመው ማን አለ? ሥራ መሃል ነን፣ ከነሐሴ በኋላ አልኩት። እሺ አለና ወደ ሴንትሪፊዩጁ ሄደ። አልተከራከረም። እነዚህ ሰዎች ለምንም ነገር አይከራከሩም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ሐምሌ 19

ሁለተኛውም ጭቃ። ከመጀመሪያው ትንሽ ይሻላል ብዬ ራሴን ላታልል?

ኦኬሎ ዛሬ እጀታውን ሃያ ደቂቃ ሳያዞር ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ቀበቶው ሰፍቶት በገመድ አስሮታል። ላቡ ይወርዳል፣ ጎኑን ይዞ ግድግዳውን ይደገፋል። “ደከመህ?” ስለው “ትንሽ” ይላል። ደሞዝ ሲወጣ ግን አይደክመውም። እኔ ራሴ አዞርኩት፤ ክንዴ ተገነጠለ።

ሐምሌ 25

ወባ። አጥንቴ ይንቀጠቀጣል። መጻፍ አልችልም።

ሐምሌ 27

አሁንም። ኦኬሎ በር ላይ መጥቶ፣ እኔ እስክድን ሦስተኛውን ብቻዬን ልሞክረው ብሎ ጠየቀኝ። ኬሚካሉን ከማባከን በቀር ምን ያደርጋል? ግን እምቢ ለማለት እንኳ አቅም አልነበረኝም። እጄን አወዛወዝኩ።

ነሐሴ 2

ተነሳሁ። ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛ ጠርሙስ ቆሟል። ሻይ ይመስላል። አጋጣሚ ነው።

ነሐሴ 6

ሦስቱን ጠርሙሶች በጥጥ ጠቅልዬ በቆርቆሮ ሣጥን አሸግኩ። ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ለሚበር ሰው ሰጠሁት፤ እዚያ ከፖስታ ቤት ይልክልኛል። ከሁለቱ ጭቃዎች የላይ የላዩን አጥልዬ ነው የላክሁት፤ ያማረ ይመስላል። ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። “አዘጋጅ፦ ትርንጎ ደምሴ።” በሦስቱም ላይ።

ኦኬሎ ሣጥኑን ተሸክሞ አደረሰው። መንገድ ላይ አራት ጊዜ አስቀምጦ አረፈ። ሣጥኑ ሁለት ኪሎ አይሞላም።

ነሐሴ 20

ዝናቡ ሌሊትና ቀን ነው። ባሮ ሞልቶ ድልድዩን ሊልስ ደርሷል።

የኦኬሎ ዓይን ቢጫ ሆኗል። ይጠጣል ማለት ነው። ጴንጤዎቹ አንጠጣም እያሉ ይሰብካሉ፣ ጓዳ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ማን አየ? ዛሬ ሥራ እንዳልጀመረ ተቀምጦ ሲያንቀላፋ አገኘሁት። ለረታ እንዳልከሰው የተውኩት ረታን ማናገር ስለሚቀፈኝ ብቻ ነው።

መስከረም 4 ቀን 1989

ዶክተር ዘርአብሩክ መጥቶ ነበር። ከአንድ አገር የመጣን፣ በአንድ አውሮፕላን የወረድን ሰዎች ነን፤ እሱ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወባ እያየ ከእርሻ የተመለሰ ገበሬ መስሏል። ከማንም ጋር ሻይ ይጠጣል። ንቄዋለሁ፤ እሱም ያውቃል።

አልተቀመጠም። “ረዳትሽን ልወስደው ነው” አለኝ። የት ብዬ ጠየቅኩ። አዲስ አበባ፣ በሚቀጥለው በረራ። ጉበቱ አብጧል፣ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ድንጋይ ነው አለኝ። በሰኔ መጨረሻ ወደ እሱ ሄዶ ነበር። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሂድ ብሎ ወረቀት ጽፎለታል። ኦኬሎም ፈቃድ ጠይቆ እንደሚሄድ ነግሮት ነበር። ከዚያ በሐምሌ ተመልሶ “መምህር መድኃኒት እየሠራ ነው፣ እሱ ሲያልቅ እሄዳለሁ” አለው።

“ምን መድኃኒት ነው የምትሠሩት?” ብሎ ጠየቀኝ ዘርአብሩክ።

የጉበት ዕጢ የሚያሳይ ነው አልኩት።

አላፌዘብኝም። ቢያፌዝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 5

እንቅልፍ የለም፣ ልጻፍ።

የጉበት በሽታ ምልክት ስድስት ዓመት ተምሬአለሁ። ድካም፣ የቀኝ ጎን ሕመም፣ መክሳት፣ የዓይን ቢጫነት። በሦስት ቋንቋ ልዘረዝረው እችላለሁ። ሰውየው ከኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ሲያሳየኝ ከረመ፣ እኔም በዚህ ደብተር አንድ በአንድ ጻፍኩት። ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። ገመዱን ጽፌአለሁ። ሣጥኑን ጽፌአለሁ። ቢጫውን ጽፌአለሁ፤ ከጎኑም “ይጠጣል” ብያለሁ።

ደግሞ ሌላም ልጻፍ። ሰው ሲጠይቀኝ ትምህርቴ የተቋረጠው ምሥራቅ ጀርመን ፈርሶ ስኮላርሺፑ ስለቀረ ነው እላለሁ። ውሸት ነው። ከዚያ በፊት ነው የተባረርኩት። ሳይጣራ የቸኮልኩበት ፈሳሽ ተጓጉሎ አሥራ አራት ጥንቸል ገደለ። ፕሮፌሰሩ ያኔ ያሉኝ ቃል ኦኬሎ ካለው ቃል ጋር ልክ አንድ ነው፤ ልዩነቱ እሳቸው በጀርመንኛ፣ እሱ በተሰበረ አማርኛ መሆኑ ነው። ጀርመንኛው ሲሆን አለቀስኩ። አማርኛው ሲሆን ተሳደብኩ።

መስከረም 8

ከወንድሙ ጋር በረረ። ልሸኘው አልሄድኩም። ሪፖርት ነበረብኝ። (ሪፖርት አልነበረብኝም።)

መስከረም 10

ዘርአብሩክን ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቄ፣ በሰኔ ሄዶ ቢሆን ይድን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ዕጢው ያኔም ትልቅ ነበር፣ የሚቀየር ነገር አልነበረም አለኝ። ሐኪም ለዘመድም ለገዳይም የሚናገረው ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

መስከረም 22

ተመለሰ። በአልትራሳውንድ ሁሉ ነገር ታየ። የሚደረግ ነገር የለም ብለው መለሱት።

መስከረም 23

አልሄድኩም።

መስከረም 26

እሑድ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ነጻ ነበርኩ። አልሄድኩም። ልድያ “ኦኬሎ እርስዎን ይጠይቃል” አለችኝ። ነገ አልኳት።

መስከረም 30

አቶ ረታ ምትክ ረዳት እስኪገኝ ድረስ ወንበሮቹን ቤተ ሙከራው ውስጥ እናስቀምጥ አለኝ። ሰውየው ገና በሕይወት አለ አልኩት። “እሱማ ነው” አለና ወንበር መቁጠሩን ቀጠለ። ጠላሁት። ከዚያ፣ እሱ ቢያንስ ሰኞ ዕለት ፍራፍሬ ይዞ ኦኬሎን እንደጠየቀው ከልድያ ሰማሁ። ከረታ አንሼ ተገኘሁ። ከዚህ በታች ወዴት ይወረዳል?

ጥቅምት 7

ከላይፕዚግ መልስ መጣ። ቆሜ አነበብኩት።

ቁጥር አንድና ሁለት ዋጋ የላቸውም፤ በመንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ ዘቅጠዋል። ቁጥር ሦስት ግን ያን ሁሉ ሳምንት በሙቀት ተጉዞ ፈሳሹ አልተጓጎለም። ቅንጣቶቹ እኩል ናቸው፣ ደቃቅ ናቸው፤ በማግኔቱ ሲፈተሹም ከጠበቁት በላይ አጥቁረው ታይተዋል። ፕሮፌሰሩ “በመጨረሻ መታገሥን ተምረሻል” ብለው ጻፉልኝ። አሁን የሚፈልጉት የቁጥር ሦስትን አሠራር ነው፣ ደረጃ በደረጃ። እሱን ከላክሁ ቦታው የኔ ነው።

የቁጥር ሦስትን አሠራር አላውቀውም።

ጥቅምት 8

ሄድኩ። ምን አስኬደኝ? አዝኜ ነው ልል ነበር። ፈልጌው ነው የሄድኩት፤ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ።

ቤቱ ከባሮ ዳር ነው። ማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። ሆዱ ተነፍቷል፤ የቀረው አካሉ አልቆ አጥንት ሆኗል። ሚስቱ አቻን ካጠገቡ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ጥቂት አማርኛ ትሰማለች። አየችኝ፣ ለመቀመጫ ዱካ አቀረበችልኝ፣ ወደ በቆሎዋ ተመለሰች።

“መምህር፣ መጣህ” አለኝ ኦኬሎ።

የምጠይቀውን ይቅርታ መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ መጥቼ፣ አፌ ሲከፈት የወጣው “ሦስተኛውን እንዴት ሠራኸው?” የሚል ሆነ።

ደስ አለው። ተደግፎ ለመነሳት ሞከረና አቻን ቀና አደረገችው። ቀስ እያለ ነገረኝ፣ እኔም ጻፍኩ። ውሃውን ማታ አፍልቶ፣ አፉን ደፍኖ አሳደረው። ጎህ ሳይቀድ ተነሳ፤ ቀን ሙቀቱ ሲጀምር ፈሳሹ ወዲያው እንደሚጓጉል ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይቶ ነበር። ብልቃጡን የውሃ እንስራ በሚቀመጥበት ርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ አቀዘቀዘው። ከዚያ አሞኒያውን በጠብታ ጨመረ። በቤተ ክርስቲያናቸው የሚዘምሩት አንድ ረጅም መዝሙር አለ፤ በልቡ እየዘመረ፣ በየስንኙ መጨረሻ አንድ ጠብታ። መዝሙሩን አራት ጊዜ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ነው በእሳት ያሞቀውና ወደ ሴንትሪፊዩጁ የገባው።

ስንት ደቂቃ አዞርክ ብዬ ጠየቅኩት፤ ደቂቃው ያስፈልገኛል።

“ደቂቃ አላየሁም። ሲያመኝ አቆማለሁ፣ ሲተወኝ አዞራለሁ። እስከ ቀትር።”

እርሳሱን አስቀመጥኩ።

ከዚያ እሱ ጠየቀኝ። “በዚያ በነገርከኝ የማግኔት መሣሪያ እኔ ብነሳ ምን ይታያል?” አለኝ። አዲስ አበባ ምን አሉህ ብዬ ልሸሽ ሞከርኩ። ለሱ አልነገሩትም፤ ለወንድሙ በእንግሊዝኛ ነገሩት፣ ወንድሙ ደግሞ እንግሊዝኛ አይችልም። ኦኬሎ ይህንን ሲል ሊስቅ ፈልጎ ጎኑ ከለከለው።

“ነጩ ይበዛል” አልኩት።

“ጥቁሩስ?”

“ጥቂት ነው።”

አቻን መፈልፈሏን አቆመች፤ ገብቷታል። ከዚያ ለሷ በቋንቋቸው አንድ ሁለት ቃል ነገራት፣ እሷም እጁን ይዛ ተቀመጠች። ሊያበቃ የቀረው ጊዜ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔም ዘርአብሩክ ያለኝን ሳልቀንስ ነገርኩት። ሳምንታት።

“በሐምሌ ፈቃድ ጠይቀኸኝ ከልክዬህ ነበር” አልኩት።

“አዎ” አለኝ።

ግድ የለም አላለኝም፤ እግዜር ይቅር ይበልሽም አላለኝም። የሱን ዝምታ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞኝነት ነው ብዬ ስተረጉመው ኖሬአለሁ።

ልነሳ ስል ወረቀቱን እንደገና አወጣሁ። በሥራ ቀሪ መቆጣጠሪያችን ላይ “ኦኬሎ፣ ረዳት” ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም።

“የአባትዎ ስም ማን ነው?” አልኳቸው።

“ኦቻንግ” አሉኝ። “ኦኬሎ ኦቻንግ።” ፊደሉን አሳየኝ ብለው ወረቀቱን ወሰዱና በጣታቸው ተከተሉት።

ጥቅምት 16

በዘጠኝ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱ ጭቃ። መዝሙሩን ስለማላውቀው በሰዓት ቆጠርኩ፤ ትዕግሥቴ አለቀና አቻኮልኩት። በአራተኛው መዝሙሩን የምታውቀውን ልድያን ለመንኳት፤ ጎህ ሲቀድ መጥታ አጠገቤ ቆማ አራት ጊዜ ዘመረችልኝ። እኔ በየስንኙ አንጠባጠብኩ። ለምን እንደምንዘምር ለዘበኛው ማስረዳት አልቻልንም።

ሻይ ሆነ። በማግሥቱም ሻይ ነበር።

ጥቅምት 18

ጽሑፉን ላክሁ። አሠራሩ የማን እንደሆነ፣ ጠርሙሱን ማን እንደሠራው፣ እኔ በዚያን ሳምንት የት ተኝቼ እንደነበር ጻፍኩ። ስማቸውን አስቀደምኩ። ፕሮፌሰሩ ያመሰገኑት ትዕግሥት የኔ እንዳልነበረም ጨመርኩ። ለዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር አምስት ወረቀት ቀደድኩ። ቦታውን እንግዲህ ይስጡኝ አይስጡኝ አላውቅም። ኦኬሎ ደብዳቤው መላኩን ስነግራቸው “ጠርሙሱ ጥሩ ነበር” ብለው ተኙ።

ኅዳር 1

ዛሬ እሑድ ጠዋት አረፉ። ልድያ መጥታ ነገረችኝ።

ኅዳር 2

ቀብር። ሰዉ እስከ አቦቦ መንገድ ድረስ ሞልቶ ነበር። ይህን ያህል ሰው እንደሚያውቃቸው አላውቅም ነበር፤ ግማሹ በሚሲዮን ክሊኒኩ ቁስሉን አጥበውለት የዳነ ነው።

በረከት የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ አለቃቸው ነሽና ተናገሪ አሉኝ፤ በቋንቋቸውም ሊተረጉሙልኝ ቆሙ። ከጀርመን እስከዚህ ድረስ ብዙ ተናግሬአለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ያለኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። “ሁለት ዓመት አብሬአቸው ሠራሁ። አስተማሪዬ ነበሩ” ብዬ ቁጭ አልኩ።

ሽማግሌው ተረጎሙ። ሰዉ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንድ በአንድ እየመጡ እጄን ጨበጡኝ፤ አሮጊቶቹ ትከሻዬን ሳሙኝ። ልድያ በጆሮዬ ተጠግታ፣ ሽማግሌው “አስተማሪው ነበረች” ብለው እንደተረጎሙት ነገረችኝ። የተሳሳትኩ መስሏቸው አርመውኛል። ስላስተማርኳቸው ነበር የሚያመሰግኑኝ።

ቆሜ ላስተካክል እችል ነበር። የጨበጡኝን እጅ ሁሉ ጨበጥኩ። እስከ መጨረሻው ሰው።

ኅዳር 9

ሳምንቱን ሙሉ ያ ምስጋና እንደ ሌባ ዕቃ ቤቴ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ልድያን ይዤ አቻን ዘንድ ሄድኩ። በቀብሩ ላይ የተተረጎመው ስሕተት ነው፣ ያልኩት ሌላ ነው፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ብለሽ ንገሪልኝ አልኳት። ልድያ ልትጀምር ስትል አቻን በእጇ ከለከለቻት።

ትርጉም አላስፈለጋትም። በዚያ በጥቂቱ አማርኛዋ ራሷ መለሰችልኝ።

“አውቃለሁ። ኦኬሎ ማታ ማታ ይነግረኛል። ‘መምህር ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሲማር ቀስ ይላል’ ይለኛል።”